አንድ ሰው ባንድ ይሆናል?

ሠርጉ በጥር ወር፣ በግምጃ ቤት ከተማ ዳር በተጣለ ሰፊ ዳስ ውስጥ ነበር። ደጋሹ ለወጪ እንዳልሰሰተ ከሩቁ ያስታውቃል። «ባንድ አስመጥቷል» የሚለው ወሬ ከጥሪ ወረቀቱ ቀድሞ ከተማውን አዳርሶት ስለ ነበር፣ ያልተጠራው ሳይቀር አጥሩን ተደግፎ ቆሟል። እኔ የተቀመጥሁት ከአንድ አዛውንት አጠገብ ነው። መሶቡ ተነሥቶ ጠላው መዞር ሲጀምር ድምፅ ማጉያው አጓራ። ከበሮው ደለቀ፤ ቤዙ ደረት መታ፤ ክራር የሚመስል ነገር ተንቆረቆረ፤ ዋሽንት የሚመስል ነገርም ተከተለው። አዛውንቱ አንገታቸውን አስግገው መድረኩን አዩ፤ ዳሱንም ዙሪያውን ቃኙ። ዘፈኑ አልቆ ሌላው እስኪጀምር ወደ እኔ ጠጋ ብለው፣

«ልጄ፣ ባንዱ የታል?» አሉኝ።

«ያውና አባባ፣ ጥጉ ላይ» አልኋቸው።

«እሱማ አንድ ሰው ነው። ሌሎቹስ?»

ኪቦርድ ተጫዋቹ ሰምቷቸው ኖሮ፣ ሳቅ ብሎ የመሣሪያውን ጎን መታ መታ አደረገና «ሌሎቹ እዚህ ውስጥ ናቸው አባባ!» አላቸው። ዳሱ በሳቅ ተናጋ። እርሳቸው ግን አልሳቁም።

«ታዲያ አውጣቸዋ!» አሉት።

ይህን ጽሑፍ ያጻፈኝ የአዛውንቱ ነገር ነው። ሠርገኛው ከጠላው ጋር ጠጥቶ ረሳው፤ እኔ ግን ይዤው ቤቴ ገባሁ። ምክንያቱም ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በሌላ ቦታ፣ ሌላ ሰው፣ የዚህኑ ጥያቄ መንትያ ጠይቆኝ መልስ አጥቼ ነበር። የሁለቱም መልስ፣ እኔና ሁለት ጓደኞቼ በአካል ልንሰማው ብለን ባሕር ማዶ ለመሄድ በተነሣንለት በአንድ ባንድ ታሪክ ውስጥ ያለ ይመስለኛል። ባንዱ ዋልያስ ነው።

* * *

ዋልያስን የወደድነው ስሙን ሳናውቅ ነው። በልጅነታችን ግምጃ ቤት ውስጥ፣ ሠርግና ንግሥ ካልሆነ በቀር፣ ሙዚቃ ማለት ካሴትና ሬዲዮ ነበር። ካሴቱ የዘፋኙ ነው። የዘፋኙ ፎቶግራፍ ሽፋኑን ሞልቶ ይታያል፤ የባንዱ ስም፣ ከተጻፈም፣ ጥግ ላይ በደቃቅ ፊደል ነው። ሬዲዮው ግን ሌላ ሀብት ነበረው። አንዱ ዝግጅት አልቆ ሌላው እስኪጀምር ዘፋኝ የሌለበት ሙዚቃ ይለቀቃል። ሰዓት መሙያ ነው። አዋቂዎቹ እንደ ዝምታ ይቆጥሩታል፤ እሱ ሲመጣ ያቋረጡትን ጨዋታ ይቀጥላሉ።

እኛ ሦስታችን ግን፣ ዛሬ አንዱ መምህር፣ አንዱ የአሜሪካ ነዋሪ፣ አንዱ ደግሞ የዚህ ጽሑፍ ባለቤት የሆንነው፣ ከአንድ ልብስ ሰፊ ሱቅ ደጃፍ ቁጭ ብለን የምንጠብቀው ያችኑ መሙያ ነበር። የዛሬው መምህር ዓይኑን ጨፍኖ በጣቱ ይቆጥራል፤ «ኦርጋን አንድ፣ ጊታር ሁለት፣ ጥሩምባ ሦስት...» አምስት ናቸው ይላል። ሌላው «ስድስት ናቸው፤ ሁለተኛው ጥሩምባ አመለጠህ» ብሎ ይሟገተዋል። ልብስ ሰፊው የስፌት መኪናውን አቁሞ፣ «እናንተ ልጆች፣ ሬዲዮ ውስጥ ሰው ትቆጥራላችሁ?» እያለ ይገረም ነበር።

እንቆጥር ነበር። ዘፋኝ ከሌለ ጆሮ ሌላ የሚይዘው ነገር ይፈልጋል፤ እኛም የያዝነው ሰዎቹ እርስ በርስ የሚነጋገሩትን ነበር። የተማማልነውም በዚያ ደጃፍ ነው። ከሦስታችን ዕድል የቀናው ሁለቱን አስከትሎ ይሄዳል፤ እነዚያን ሰዎች በዓይኑ አይቶ ይቆጥራቸዋል። የልጅ መሐላ ነው፤ ግን መሐላ ነው።

ስማቸውን ያገኘነው በጣም ዘግይተን፣ ኢንተርኔት በየኪሱ ከገባ በኋላ ነው። በሬዲዮ ከሰማናቸው መካከል ብዙዎቹን የምንወዳቸው የዋልያስ ሆነው ተገኙ። ስሙን ባወቅንበት ዕለት ሌላም ነገር አወቅን፤ ባንዱ ከተበተነ ቆይቷል።

* * *

እዚህ ላይ ታሪኩን ባጭሩ ላስታውስ። የሸክላና የካሴቶቹን ዘመን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ ሥራዎቹ በዓለም የሚታወቁት በዚያ ነውና።

ዋልያስ በ1970ዎቹ በአዲስ አበባ ሂልተን ሆቴል ይጫወት የነበረ ባንድ ነው። ኦርጋኑ ላይ በ1946 ደብረ ብርሃን የተወለደው፣ ገና በለጋነቱ በጦር ሠራዊት የሙዚቃ ክፍል ያለፈው ኃይሉ መርጊያ ነበር። ሳክስፎኑን ሞገስ ሀብቴ፣ ቤዙን መላከ ገብሬ፣ ትራምፔቱን ዮሐንስ ተኮላ ይይዛሉ፤ ዘፋኝ፣ ፒያኖ ተጫዋችና አቀናባሪ የሆነው ግርማ በየነም ነበረበት። ዘመኑ የሰዓት እላፊ ዘመን ነው። ሰዓቱ ከማለፉ በፊት ቤቱ ያልገባ ሰው እስኪነጋ ካለበት አይንቀሳቀስም። ስለዚህ ሙዚቃ ሊሰማ የወጣ ሰው ሌሊቱን እዚያው ያነጋል፤ ባንዱም አብሮት ያነጋል። መውጣት የማይችል አድማጭና መሄድ የማይችል ተጫዋች እስከ ንጋት ፊት ለፊት ሲተያዩ ምን ዓይነት ሙዚቃ እንደሚወለድ ለማወቅ በ1977 የታተመውን «ቼ በለው» የተሰኘ ሸክላቸውን መስማት ይበቃል።

የሸክላው ርዕስ ለእኛ ለአዊ ልጆች ባዳ አይደለም። «ቼ!» ፈረስ የሚነዳበት ቃል ነው። ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲከበር ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። በዚያ ሜዳ ላይ አንድ ፈረሰኛ፣ ፈረሱ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ብቻውን ሽምጥ ቢጋልብ የተቸኮለ መንገደኛ እንጂ በዓል አይባልም። በዓል የሚያደርገው የኋለኛው የፊተኛውን ኮቴ ሰምቶ መከተሉ ነው።

በዚሁ ሸክላ ላይ ያለው «ሙዚቃዊ ስልት» በእኔ ዕይታ የዘመናዊ ሙዚቃችን ቁንጮ ከሚባሉት አንዱ ነው። ከሥር ያለው ምት ያነክሳል፤ ይወድቃል ስትሉ ይነሣል። የትንፋሽ መሣሪያዎቹ ባንድ አፍ ዜማውን ሲያነሡ ኦርጋኑ ከሥራቸው ሌላ ነገር ይላል። የሚያጅባቸው አይደለም፤ የሚከራከራቸው ነው። ማንም ማንንም አይሸፍንም፤ ማንም ብቻውን አይታይም። በልጅነታችን በጣታችን የቆጠርነው ይህንን ነበር።

ግጥም ሁሉ በሳንሱር በሚያልፍበት ዘመን ግጥም የሌለው ሙዚቃ እንዲህ መናገሩ ደግሞ የራሱ ትርጉም አለው። ቃል የሌለበት ንግግር ነበር።

በ1981 ዋልያስ ከማሕሙድ አህመድና ከሌሎች ጋር ሆኖ ለኢትዮጵያውያን ሊጫወት ወደ አሜሪካ ተጓዘ። ጉዞው ሲያልቅ ኃይሉ፣ ሞገስ፣ መላከና ግርማ እዚያው ቀሩ። የተቀሩት ተመልሰው ዋልያስ በሚለው ስም ሥራቸውን ቀጠሉ። በወቅቱ አገር ቤት የነበረውን ሁኔታ የሚያውቅ ሰው በቀሩትም በተመለሱትም አይፈርድም። ባንዱ ግን ለሁለት ተከፈለ። በቋንቋችን «ባንድ» የሚለው ቃል ከባሕር ማዶ የመጣውን የሙዚቃ ጓድ ስም ከገዛ ራሳችን «በአንድ ላይ» ጋር አጋጥሞታል። ግጥጥሞሹ ድንገተኛ ቢሆንም እውነቱን ይናገራል፤ በአንድ ላይ ያልሆነ ባንድ የለም።

* * *

አሁን ወደ ዋናው ሥራ ልምጣ። በ1985 ኃይሉ መርጊያ በአሜሪካ ወደ አንዲት አነስተኛ ስቱዲዮ ብቻውን ገባ። አኮርዲዮን ያዘ፤ የኤሌክትሪክ ፒያኖና ሲንተሳይዘር ያዘ፤ ለከበሮው ደግሞ ማሽን አቆመ። ሁሉንም ራሱ ተጫወተ። ከዚያ የወጣው ካሴት «ሸሞንሟናዬ» ይባላል።

የውጭ አድማጮች ይህን ካሴት ሲሰሙ ሕልም የሚመስል፣ ከዘመኑ የቀደመ ነገር ሰምተናል ይላሉ። ልክ ናቸው። እኔ ግን ስሰማው በመጀመሪያ የሚሰማኝ ክፍት ቦታ ነው። አኮርዲዮኑ አንድ ሐረግ ይልና ጥቂት ያርፋል። ያቺ ዕረፍት በ«ቼ በለው» ቢሆን ኖሮ የሳክስፎኑ መግቢያ ነበረች። ሰውየው ለዓመታት መልስ ሲሰጠው የኖረ ነውና አሁንም ለመልስ ቦታ ይተዋል። መልስ ሰጭው ግን የለም፤ ማሽኑ ይቆጥራል እንጂ አይሰማም። ሌሊቱን ሙሉ ከጓደኞቹ ጋር ሲከራከር የኖረ ሰው ባዶ ክፍል ውስጥ ክርክሩን ለብቻው ሲቀጥል ማለት ነው።

ይህን ማለቴ ሥራውን ማሳነሴ አይደለም። እንዲያውም ትልቅነቱ እዚህ ላይ ነው እላለሁ። «ሸሞንሟናዬ» ብቸኝነቱን አይደብቅም። ከበሮው ማሽን መሆኑን አይሸሽግም፤ አንድ ሰው ስድስት ነኝ አይልም። ብቻዬን ቀርቻለሁ፣ ዜማው ግን አልቀረም ይላል። ይህን ልዩነት አንባቢ ልብ እንዲልልኝ እፈልጋለሁ፤ ወደ ሠርጉ ዳስ ስመለስ ያስፈልገኛል።

ከዚያ በኋላ ኃይሉ ለረጅም ዓመታት በዋሽንግተን ታክሲ ነዳ። ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተሳፋሪ ሲጠብቅ ከመኪናው ዕቃ መጫኛ ኪቦርዱን አውጥቶ ይለማመድ እንደ ነበር ራሱ ተናግሯል። ያ ካሴት ደግሞ በፋንታው ሌላ ጉዞ ሄደ። ብሪያን ሺምኮቪትዝ የተባለ፣ የአፍሪካ ካሴቶችን እየለቀመ የሚያሳትም አሜሪካዊ አንድ ቀን ከካሴት ሻጭ ዘንድ አገኘው። የት ብትሉ፣ ባሕር ዳር! ሰውየው ባለቤቱን አፈላልጎ አገኘና በ2013 ካሴቱን ዳግመኛ አሳተመው። በዓመቱ «ቼ በለው» ተከተለ፤ በ2016 ደግሞ ኃይሉ ከዳህላክ ባንድ ጋር በ1978 የሠራው «ወደ ሐረር ጉዞ»። ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሰ። በ2018 «ላላ በሉ» የተሰኘ አዲስ አልበሙን ቶኒ ባክና ማይክ ማይኮቭስኪ ከተባሉ አውስትራሊያውያን ጋር አወጣ።

ከእኛ አካባቢ ባሕር ዳር ማለት ለሕክምናውም፣ ለትምህርቱም፣ ለዕቃ ግዢውም የምንመላለስበት ከተማ ነው። ስም አጥተንለት የኖርነው ሰው ካሴት እዚያ አቧራ ለብሶ ተቀምጦ ነበር። የከተማችን ስም ግምጃ ቤት ነው፤ የከበረ ንብረት የሚቀመጥበት ማለት ነው። ያስቀመጠውን የማያውቅ ግምጃ ቤት ግን ከተራ መጋዘን በምን ይለያል?

* * *

አሜሪካ ያለው ጓደኛችን መሐላውን አልረሳም። ዲቪ ደርሶት የሄደው ይህ ልጅ ኑሮው ኦሃዮ ውስጥ ኮሎምበስ ነው። አንድ ቀን ደወለና «ጋሽ ኃይሉ ዋሽንግተን ሊጫወት ነው። የመጋበዣ ደብዳቤ እልካለሁ፤ ትኬቱንም እኔ እችላለሁ። እናንተ ብቻ ኑ» አለን።

መምህሩና እኔ ተነሣን። ከእንጅባራ በቡሬ፣ በደብረ ማርቆስ አድርገን፣ ዓባይን ተሻግረን አዲስ አበባ ገባን። የቪዛ ቅጽ በኮምፒዩተር የምትሞላ አንዲት ልጅ ዘንድ ተቀመጥን። ስም፣ የትውልድ ዘመን፣ ሥራ ጠየቀችንና፣

«የጉዞ ዓላማ?» አለች።

«ሙዚቃ መስማት» አልናት ባንድ አፍ።

ጣቷ ከመጻፊያው ላይ ቆመ። ቀና ብላ አየችን። ስታፌዝ አልነበረም፤ ከልቧ ነው የጠየቀችን።

«ወንድሞቼ፣ እዚህ ሙዚቃ የለም እንዴ?»

እኔ ለመናገር አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። መምህሩ ጫማውን ያይ ጀመር። ልጅቷም አዝናልን መሰለኝ «ጉብኝት ብዬዋለሁ» አለችና ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈች። ቪዛው አልተሳካም። በማንም አልፈርድም፤ የሙዚቃ ፍቅር በባንክ ደብተር አይመሰከርም። ዓባይን መልሰን ስንሻገር ግን የከበደን ቪዛው አልነበረም፤ የልጅቷ ጥያቄ ነበር።

እናም ጓደኛችን ሌሎች ሁለት ይዞ ሄደ። የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው፤ አንዱ የጥላሁን፣ አንዱ የቴዲ አፍሮ ወዳጅ። ዋልያስን አያውቁም። ሰባት ሰዓት ያህል መንገድ እየተፈራረቁ ነዱ። በአሜሪካ የሚኖር ሐበሻ ለሙዚቃ ረጅም መንገድ መንዳት አዲስ ነገር አይደለም። ከ1984 ጀምሮ በየዓመቱ በሐምሌ መግቢያ ገደማ የሚደረገው የኢትዮጵያውያን የእግር ኳስ ውድድር ሰሞን ስንቱ ጓደኛ ተጠራርቶ፣ መኪና ተጋርቶ፣ በአንድ ሆቴል ክፍል አምስት ስድስት ሆኖ አድሮ የሚወደውን ድምፃዊ ሰምቶ ይመለሳል። ባልደረቦቹም የጠበቁት ይህንኑ ነበር፤ እስክስታውን፣ ዘመድ ጥየቃውን፣ እንጀራውን። አዳራሹ ሲገቡ ያገኙት ግን በብዛት ወጣት ነጮችን ነው። ሐበሻው ጥቂት ነበር፤ እሱም ዕድሜው ገፋ ያለ።

በዚያ ቅዳሜ ማታ ሦስት ሰዓት ነው፤ ግምጃ ቤት ደግሞ እሑድ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት። የመምህሩ ቤት ጋቢ ተደራርበን፣ ጀበና ተጥዶልን፣ ስልኩን ሌማት ላይ አቁመን ጠበቅን። ምስሉ መጣ፤ ቀረ፤ መጣ፤ ደረቀ። አንድ ጊዜ ነጭ ጸጉር አየን፤ አንድ ጊዜ በአኮርዲዮን ላይ የሚሮጥ እጅ አየን። ከዚያ ምስሉ ጠፍቶ ጽሑፍ ገባ።

«ቆጠርኋቸው። ሦስት ናቸው።»

ዓለምሰገድ ከበደ በቤዝ፣ ኬኔዝ ጆሴፍ በድራም ከኃይሉ ጋር አዘውትረው የሚጫወቱ ሰዎች ናቸው። ይህ ሦስትዮሽ እ.ኤ.አ. በ2016 ብሩክሊን ያቀረበው ዝግጅት በ2023 በአልበም ታትሟል፤ በአካል መሄድ ላልቻለ ሰው እሱን እጠቁማለሁ። ሦስቱ ስድስት ነን አይሉም፤ ሦስት ሆነው ይነጋገራሉ። በ«ሸሞንሟናዬ» ባዶ የነበረችው ዕረፍት እዚህ መልስ አላት። የድሮው መልስ አይደለም፤ ግን የሰው መልስ ነው።

ድምፁ ጥርት ብሎ የመጣልን ለአጭር ጊዜ ነበር። ያን ጊዜ ጓደኛችን ድንገት «ያ ምንድን ነው?» አለ። ከእኛ በኩል የሚመጣውን ነው የሚጠይቀው። ከቤተ ክርስቲያን የእሑድ ማኅሌት ይሰማ ነበር። እኛ ለምደነው ልብ አላልነውም።

«እስቲ ስልኩን ደጅ አውጡልኝ» አለ።

መምህሩ ስልኩን ይዞ ወደ ብርዱ ወጣ። ሰባት ሰዓት ነድቶ የሄደ ሰው፣ ጀርባውን ለመድረኩ ሰጥቶ፣ አንድ ጆሮውን በጣቱ ደፍኖ፣ የሰፈሩን ማኅሌት ሲሰማ ባልደረቦቹ ፈልገው አገኙት።

ይህን የማነሣው አንባቢን ላስለቅስ ብዬ አይደለም። እሱም አላለቀሰም፤ «ግራና ቀኙ ይለያል፤ ይሰማኛል» ነው ያለው። ማኅሌት ላይ መዘምራኑ በሁለት ወገን ይቆማሉ። ቀኝ ጌታ ያነሣል፤ ግራ ጌታ ይቀበላል። ጸናጽሉ፣ መቋሚያውና ከበሮው እየተጠባበቁ ይሄዳሉ። ዋልያስን በልጅነታችን ማንም ሳያስተምረን የገባን ለካ ጆሮአችን በዚህ ስለ ተሟሸ ነው። በዓለም ፊት የእኛ ነው የምንለው ያ ሙዚቃ የሚወደደው በቅኝቱ ብቻ አይደለም፤ በዚህ መጠባበቁም ነው።

* * *

ከዚያ ሌሊት በኋላ ሦስታችን መጣላት ቀረሽ ክርክር ገጠምን። መምህሩ «ተዘረፍን» ይላል፤ ካሴቱን ከባሕር ዳር ወሰዱት፣ ሰውየውንም ወሰዱት፣ አድማጩም እነሱ ሆኑ። አሜሪካዊው ጓደኛችን ደግሞ «እናንተ አቧራ ያለበሳችሁትን ዓለም አነሣው፤ አመስግኑ» ይላል። እኔ ሁለቱም ሙዚቃውን እንደ ዕቃ ማየታቸው ያሳስበኛል። አንዱ ጠፋ ይላል፤ ሌላው ተገኘ ይላል። ሙዚቃ ግን ሰዎች አንድ ቦታ ላይ ተገናኝተው የሚያደርጉት ነገር ነው።

መረጃውም ይህንን ይመሰክራል። በፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ አማካይነት «ኢትዮፒክስ» የተሰኙት ተከታታይ ሲዲዎች እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ መውጣት ከጀመሩ በኋላ፣ የውጭ ሰዎች የሰሙትን ሙዚቃ ፍለጋ ወደ እኛ መጡ። ከቦስተን አይዘር ኦርኬስትራ የተባለው ጓድ በ2004 አዲስ አበባ መጥቶ ተጫወተ። ዘ ኤክስ የተባለው የሆላንድ ባንድ ኢትዮጵያ ተመላልሶ፣ ኋላም ከሳክስፎኑ ሊቅ ከጌታቸው መኩሪያ ጋር በ2006 «ሞዓ አንበሳ»ን ሠራ። እነዚህ ሰዎች ያደረጉትን ልብ በሉ። ዘፈኑን ወደውት ብቻ አልቀሩም፤ ባንድ ሆነው መጥተው ከባለቤቱ ጋር ተቀምጠው ተጫወቱ። እኛ ሦስታችን ከሰዓት መሙያ የለቀምነውን እነሱ መልሰው ወደ መድረክ አወጡት።

እኛስ? ባንድን ወደ ሣጥን አስገባነው።

* * *

ወደ ሠርጉ ዳስ ልመለስ። በኪቦርድ ተጫዋቹ ላይ የምዘባበት እንዳይመስልብኝ። ነገሩ ምክንያት አለው። ካሴት የዘፋኝ ገበያ ሆነ፤ ስድስት ሰው የሚያደርገውን አንድ መሣሪያ ያደርገዋል ተባለ፤ ለስድስት የሚከፈለው ለአንድ ተከፈለ። ሆቴሉም፣ ስቱዲዮውም፣ ደጋሹም ሒሳቡን ያውቃሉ። እንደ ጃኖ ያሉ በባንድነታቸው የሚጠሩ ወጣቶች በከተማ መነሣታቸው ያስደስታል፤ የትንሹ ከተማ ሠርግ ግን የኪቦርዱ ነው።

አንድ ሰው ተነሥቶ «አዝማሪስ ብቻውን አይደለም ወይ? በገና ደርዳሪስ?» ሊለኝ ይችላል። ጥሩ ጥያቄ ነው። አዝማሪ ብቻውን አይደለም። ግጥም ተቀበል የሚለው፣ በቅኔ የሚነካው፣ ሲነካ የሚመልስለት አድማጭ አለው፤ ባንዱ ቤቱ ሙሉ ነው። በገና ደርዳሪ ደግሞ በእውነት ብቻውን ነው፤ ብቻውን መሆኑም ጸሎቱ ነው። ኃይሉም በ«ሸሞንሟናዬ» ብቻውን ነበር፤ አልደበቀንም። ኪቦርዱን ከእነዚህ የሚለየው ብቻውን ሆኖ ብዙ ነኝ ማለቱ ነው። ዋሽንት የሌለበት ዋሽንት፣ ከበሮ መቺ የሌለበት ከበሮ ያሰማናል። ለኃይሉ መርጊያ የስደት ዕጣ የነበረው ለእኛ የሠርግ ወግ ሆነ። ያ ሰው ያጣቸውን ጓደኞች እኛ በገዛ ፈቃዳችን አሰናበትናቸው።

የከፋው ጉዳት በጆሮ ላይ ነው። ኪቦርድ አይሳሳትም፤ አይጠብቅም፤ አይሰማም። በዚህ ያደገ ልጅ ሙዚቃ ማለት ሰው ሰውን መስማት እንደ ሆነ በምን ያውቃል? ቅጽ የሞላችልን ልጅ «እዚህ ሙዚቃ የለም እንዴ?» ስትል መልስ ያጣሁት ለዚህ ነው። ሙዚቃ አለ። ቅኝቱም አለ፤ ከበሮ የሚመታው ልጅ አለ፤ ክራር የሚገርፈው አለ፤ በአማርኛም በአዊኛም የሚያዜመው አለ። እኔና መምህሩ ዓባይን የተሻገርነው እነዚህን ባንድ ላይ የሚያስቀምጥ ቦታ ፍለጋ ነው።

ከሠርጉ ሁለት ሳምንት በኋላ ኪቦርድ ተጫዋቹን ሻይ ቤት አገኘሁትና የአዛውንቱን ነገር አነሣሁበት። ሳቀ፤ ቆይቶም «እኔስ ሰው ቢኖረኝ መች ጠላሁ? አንዱ ደክሞት ሌላው ሲቀበለው እኮ ደስ ይላል። የሚከፈለኝ ግን የአንድ ሰው ነው» አለኝ።

መምህሩ ከትምህርት ቤቱ የሙዚቃ ክበብ ከበሮ የሚመታ አንድ ተማሪ አገናኘው። በሚቀጥለው ሠርግ ላይ ኪቦርዱ የራሱን ከበሮ ድምፅ አጠፋ፤ ልጁ ጎኑ ተቀምጦ መታ። ሁለት ጊዜ ተሳሳቱ። በሁለተኛው ስህተት ተያይተው ሳቁና፣ የጠፋውን ምት አብረው ፈልገው አገኙት። ዳሱም ያን ጊዜ ነው ከልቡ ያጨበጨበው። ሠርጉ ሲያልቅ ደጋሹ የከፈለው ያንኑ የአንድ ሰው ነው፤ ለሁለት ተካፈሉት።

ዘንድሮም ጥር ይመጣል፤ ዳስም ይጣላል። «ባንድ አስመጥቻለሁ» የምትሉ ደጋሾች፣ ከሣጥኑ ውስጥ አንዱ ወጥቷል። የቀሩትን ለማስወጣት የሁለተኛውን ሰው ዋጋ መክፈል ነው።